የቀዘቀዘው ሞተር

ደመላሽ አዳማ ተወልዶ አዳማ ያደገ ሰው ነው። ይህን ከሁሉ በፊት መናገር ይገባል፤ ኋላ ለሠራው ጥፋት ሌላ ሰበብ አላገኘንለትምና። አዳማ ላይ ሙቀት ማለት ከቤት የሚባረር፣ ከመኪና የሚባረር፣ ከሰው ገላም በማራገቢያ የሚባረር ነገር ነው። የቧንቧው ውኃ ማንም ሳያሞቀው ለብ ብሎ ይመጣል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ ተምሮ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ሙቀትን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያሻግር መሣሪያ ሲያስተምር ትምህርቱ ሁሉ ከአንድ እምነት ይነሣ ነበር፦ ሙቀት ትርፍ ነው፣ ትርፍ ደግሞ ይጣላል። ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ አፍንጫው ቀልቶ ይህን ለተማሪዎቹ ሲናገር አንድም ቀን ነገሩ ከንክኖት አያውቅም።

ዘመናይን ያወቃትም በዚሁ አፍንጫው ምክንያት ነው። እሷ እዚያው ደብረ ማርቆስ ነርስ ናት፤ በጉንፋን ለሦስተኛ ጊዜ ሲመላለስባት መድኃኒቱን ትታ ወፍራም ካልሲ እንዲገዛ አዘዘችው። ካልሲውን ገዛ፤ ጉንፋኑም ለቀቀው፤ መመላለሱን ግን አልተወም። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም መጋባት እንደሚፈልጉ ተነጋገሩ። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ከቁይ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በላይ፣ የናፍጣ ወፍጮ አላቸው። ባላቸው ሲሞቱ ዘመድ ሁሉ «ሽጪው፣ ወፍጮ የወንድ ሥራ ነው» ቢላቸው አሻፈረኝ ብለው ይኸው እስከ ዛሬ ያስፈጫሉ። ሞተሩን የሚያስነሣው አንሙት የሚባል፣ ወሬ የማያበዛ ጎልማሳ ነው። እሳቸው ደግሞ በር ላይ ተቀምጠው ዱቄቱን ይጠብቃሉ። የሚኮሩት በገንዘቡ አይደለም፣ በዱቄታቸው ነው። ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ጣቱን ዱቄቱ ውስጥ ከቶ «የሥራነሽ ዱቄት እኮ ሐር ነው» ይላል፤ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ይህን ሲሰሙ ኖረው ኖረው፣ ከቁይ እስከ ደምበጫ እንደሳቸው የሚፈጭ እንደሌለ ከልባቸው አምነዋል። በዚያ ቤት ዱቄቱን መንቀፍ ማለት ሟቹን ባላቸውን ከመንቀፍ ይብስ ነበር።

ዘመናይ የደመላሽን ነገር ጫፍ ጫፉን ስታወራላቸው ሥራነሽ ሰውየውን በሥራ ሳያዩት ሽማግሌ እንደማይቀበሉ ተናገሩ። ሥራ ደግሞ ነበር። ሞተሩ ታሟል፤ ጠዋት ተነሥቶ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ይፈላል፣ አንሙት ያጠፋዋል፣ ሰው እስኪበርድ ተኮልኩሎ ይውላል። ከታች ከተማው ውስጥ ደግሞ በመብራት የሚሠራ አዲስ ወፍጮ ተከፍቷል። ሥራነሽ ነገሩን ባጭሩ አስቀመጡት። ወፍጮው ለጥር ሠርገኞች ዱቄት ቀን ሙሉ ከሠራ ሽማግሌው ይምጣ፤ ካልሠራ ግን ቤቱ ይዘጋል፣ በተዘጋ ቤት ደግሞ ልጅ አይዳርም።

ስለዚህ ደመላሽ በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ «ሞተር የሚያይ ባለሙያ» ተብሎ ቁይ ወረደ። ማንነቱን ሥራነሽ ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁ እሱም ያውቃል፤ አንሙትም፣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ያውቃል። ወጉ ግን ሽማግሌ ሳይመጣ አይታወቅም ይላል፤ ስለዚህ ሁሉም አላወቀም። እሱም የአማች ማዕረግ ሳያገኝ የአማች እፍረት ተሸክሞ፣ እሳቸው በገቡ ቁጥር ብድግ እያለ፣ ማደሪያውን አንሙት ቤት አደረገ።

ሞተሩን ሲፈታው የሕመሙ ምንጭ ወዲያው ታየው። የናፍጣ ሞተር ሲሠራ ይግላል፤ እንዳይቃጠል ውኃ በሆዱ ውስጥ ይዞራል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ከጎኑ ወደቆመው በርሜል ይወጣል፣ እዚያ በረድ ብሎ ይመለሳል። የሥራነሽ በርሜል ክዳን የለውም። ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ከወንዝ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ቀድቶ ይመጣል፣ በርሜሉ ውስጥ ይገለብጣል፣ በዚያው ጀሪካን የጋለውን ቀድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ወግ አንሙት ከመቀጠሩ በፊት የነበረ ነው፤ ውኃ ያላመጣ ተራ አይዝም። የወንዝ ውኃ ግን ደለል አለው። ያ ደለል ዓመት ከዓመት በሞተሩ ሆድ ተጋግሮ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚለጠፈው ቅርፊት ወፍሮ፣ ሙቀት አላሳልፍ ብሏል።

ደመላሽን ከሞተሩ ይልቅ ሴቶቹ አሳዘኑት። እህል ተሸክመው መምጣታቸው ሳያንስ ለአንድ ብረት ብለው ውኃ ይሸከማሉ። ሌላም የገረመው ነገር ነበር፤ አብዛኞቹ የሚያመጡት እህል ትንሽ ነው፣ አንድ ቁና ገብስ፣ ግማሽ ቁና ስንዴ፣ ከዚያ በነጋታው ደግሞ ሌላ ግማሽ ቁና። ለምን አንዴ በማዳበሪያ ሞልተው አምጥተው እንደማይገላገሉ አልገባውም። የገጠር ሰው እቅድ አያውቅም ብሎ አለፈው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ደመላሽ ሁለቱንም ጨርሻለሁ ባይ ነበር።

የሠራው ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሥራ ነው። የሞተሩን ሆድ ፍቆ አጠበ። ደብረ ማርቆስ ካለ አሮጌ ብረት ሻጭ የጭነት መኪና ራዲያተር አገኘ፤ በያጅ ዘንድ ወስዶ የሚያፈሱትን ቀዳዳዎች አስደፈነ። ራዲያተሩን ከሞተሩ ጋር በቱቦ አገናኝቶ፣ ማራገቢያ ገጥሞ፣ በጎማ ቀበቶ ከሞተሩ ጋር አሽከረከረው። ውስጡን ንጹሕ ውኃ ሞልቶ ዘጋው። ከእንግዲህ ያው ውኃ ይዞራል፤ የሚጨመር የለም፣ የሚቀዳም የለም፣ ደለልም አይገባም። ሙቀቱን ማራገቢያው ተቀብሎ በመስኮት ወደ ሜዳ ይበትነዋል።

በገበያው ቀን አንሙት ሞተሩን አስነሣ። ጠዋት ሠራ፣ ቀትር ላይ ሠራ፣ ከሰዓት በኋላም ሠራ፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አንሙት መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ወደ ደመላሽ ዞረና ራሱን ነቀነቀ፤ ከአንሙት ይህ ረጅም ንግግር ነው። ደመላሽ ደስታውን መያዝ አቅቶት በር ላይ ቆመና ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች ከዛሬ ጀምሮ ማንም ለሞተሩ ብሎ ውኃ መሸከም እንደማያስፈልገው አበሠራቸው።

ከሴቶቹ አንዷ የያዘችውን ጀሪካን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። ሌላዋ «እግዜር ይስጥልን» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለቅሶ ቤት እዝን የተቀበለ ሰው ድምፅ ነበር። ደመላሽ ይህን ከአድናቆት ቆጥሮ ደረቱን ነፍቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወፍጮው ደጃፍ ላይ ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ ከዚያም በሚቀጥለው አንድ፣ እሱም የአንሙት ወንድም። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚፈጭ እህል ግን የለም። ሰዉ እህሉን ተሸክሞ በሥራነሽ ደጅ እያለፈ፣ ሰላምታ እየሰጠ፣ ወደ ከተማው ወፍጮ ይወርዳል። ሰው ቢሰድባቸው ለሥራነሽ ይሻላቸው ነበር፤ እያከበራቸው ማለፉ ነው ያንገበገባቸው።

ደመላሽ ተጠርቶ ሲመጣ ሥራነሽ በር ላይ ተቀምጠው ዱቄት በጣታቸው እያሹ ነበር። ፍርዱን ቀድመው ጨርሰውታል። ሞተሩን አቀዝቅዞባቸዋል፤ የቀዘቀዘ ሞተር ደግሞ ሸካራ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ከሐርነት ወርዷል፣ ሰዉም ያንን ቀምሶ ሸሽቷል። ደመላሽ ዱቄትን የሚያልመው ድንጋዩና የድንጋዩ መወቀር እንጂ የሞተሩ ሙቀት እንዳልሆነ በትሕትና ሊያስረዳ ሞከረ። ሥራነሽ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቁትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ታዲያ ሰዉ ምን ሆኖ ሄደ?»

በዚያ ሳምንት ሥራነሽ ለዘመናይ ደውለው በጥር ሽማግሌ የሚባል ነገር እንዳታነሣባቸው ነገሯት። እሷም ለደመላሽ ስትነግረው ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም፤ ሳቅ የሌለበት ድምፅዋን የሰማው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፣ ፈራም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው። ያ ሞተር ቢፈላ ኖሮ ቢያንስ ሰው ነበረው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደመላሽም ነገሩን በልኬት ሊያገኘው ተነሣ። ከደብረ ማርቆስ ደቃቅና ሰፋፊ ወንፊቶች ይዞ መጥቶ የሥራነሽን ዱቄት በአንድ በኩል፣ የከተማውን ወፍጮ ዱቄት በሌላ በኩል ነፋ። አንሙት ቤት መሬቱም፣ አልጋውም፣ ደመላሽም ነጭ ሆኑ። ውጤቱ ግን አስደነገጠው። ሁለቱ ዱቄቶች አንድ ናቸው። ድሮ የተፈጨ ዱቄት ከአንሙት ጓዳ አስወጥቶ ያንንም ነፋው፤ ያም አንድ ነው። የሥራነሽ ዱቄት አልተበላሸም፤ ነገር ግን ድሮም ሐር አልነበረም። እንደማንኛውም ዱቄት ዱቄት ነው።

ሲነጋ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ደመላሽ ዱቄቱን ከፊቱ ሊያጥብ ማሰሮ ውስጥ እጁን ቢነክር ጣቶቹ የሱ መሆናቸው ቀረ። ፊቱን አንዴ እንደነካ ተወው፣ ግማሽ ነጭ እንደሆነ ፀሐይ ፍለጋ ወጣ። ፀሐይዋ መጀመሪያ የምትደርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ነው፤ እዚያ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ጉልበታቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። እኒህ መነኵሲት ድሮ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ቁና ገብስ ይዘው ወፍጮ ቤት የሚመጡት ናቸው፤ ዱቄቱንም እንደሳቸው የሚያሞግስ አልነበረም። ደመላሽ እጅ ነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ዱቄቱ ምን እንደጎደለው ጠየቃቸው።

እማሆይ ብዙ ዞሩ። የዘመኑን ክፋት አነሡ፣ የጉልበታቸውን ቁርጥማት አነሡ፣ ስለ አዳማም ጠየቁት። ከዚያ ፊቱ ላይ የቀረውን ዱቄት ሲያዩ ሳያሳዝናቸው አልቀረም።

«ልጄ» አሉት፣ «እህሉማ የትም ይፈጫል።»

ደመላሽ አልገባውም። እሳቸውም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ተረጋግተው ነገሩት። በዚህ ብርድ አንድ ጀሪካን ውኃ ለማሞቅ አንድ ሸክም እንጨት ይፈጃል፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ ለገበያ ነው። አራስ ያለችበት ቤት አለ፣ እግሩ የሚቆረጥመው አለ፣ ልጆቹን ለእሑድ የሚያጥብ አለ። የሥራነሽ በርሜል ግን ሁልጊዜ የጋለ ነው። ሰው እህሉን ቁና በቁና ከፍሎ የሚመጣው ጀሪካኑን ቶሎ ቶሎ ለመሙላት ነው።

«ታዲያ ለምን ዱቄቱን ያወድሳሉ?» አለ ደመላሽ።

«ሙቅ ውኃ ልቀዳ መጣሁ ተብሎ ይነገራል? ያሳፍራል እንጂ። ዱቄትሽ ሐር ነው ይባላል፣ ውኃው ይቀዳል።»

ደመላሽ በሕይወቱ እንደዚያን ጠዋት አፍሮ አያውቅም። እሱ እንደ ትርፍ በመስኮት ያስበተነው ሙቀት ለዚያ ሁሉ ቤት ገላ መታጠቢያ ነበር። ያንን ነጥቆ በር ላይ ቆሞ፣ ደስ ይበላችሁ ብሎ፣ ምስጋና ጠብቋል። ያች ሴት የሸሸገችው ጀሪካን ትዝ ሲለው ጆሮው ሳይቀር ጋለ።

ለዘመናይ ደውሎ ሲነግራት መጀመሪያ እስክትታፈን ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ ተቋረጠና ይህን ለእናቷ እንዳይነግር አጥብቃ አስጠነቀቀችው። ወፍጮው ቢዘጋ ይችሉታል፤ ዱቄታቸው ተራ ዱቄት እንደሆነ፣ ሰዉም ሲሸነግላቸው እንደኖረ ከሰሙ ግን አይነሡም። ደመላሽም ተስማማ። ዱቄቱን ወደ ሐርነቱ ለመመለስ ሞተሩን «እንደገና ሞቅ ማድረግ» እንደሚያስፈልግ ለሥራነሽ ሲነግራቸው፣ እሳቸው ድሮም ብያለሁ በሚል ዓይን አዩት። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ በመዋጡ ደስ አለው፤ ትንሽም ቀፈፈው።

አሁን የሚያስፈልገው ሞተሩን የሚያበርድ፣ ሙቀቱን ግን የማይጥል ነገር ነው። ይህን በየዓመቱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያስተምረዋል፤ ለሰው ያስፈልጋል ብሎ ግን አስቦት አያውቅም። የመዳብ ቱቦ ገዛ፤ ሲጠመዘዝ እንዳይጨፈለቅ አሸዋ ሞልቶ ከአንሙት ጋር ግንድ ላይ ጠመጠመው። ጥምጥሙን በርሜሉ ውስጥ አቆመው። የሞተሩ ንጹሕ ውኃ ተዘግቶ በቱቦው ውስጥ ብቻ ይሄዳል፣ ከላይ ግሎ ገብቶ ከታች በርዶ ይወጣል። የወንዙ ውኃ ደግሞ በጥምጥሙ ውጭ ነው፤ እስከ ታች በሚወርድ ቱቦ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይገባል፣ እየሞቀ ይወጣል፣ ከላይ በቧንቧ ይቀዳል። ሁለቱ ውኃዎች በተቃራኒ መንገድ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ፣ ሙቀት ይሰጣጣሉ፣ አይገናኙም። ደለሉ ከእንግዲህ ሞተሩን አያገኘውም፤ የሚቀዳውም ውኃ ዝገትና ዘይት አይነካውም።

የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ጥምጥሙ ተጣብቆ ስለተሠራ ውኃው በመካከሉ አላልፍ ብሎ ሞተሩ ቶሎ ጋለ። ደመላሽ አውጥቶ ዙሮቹን ጣት በሚያስገባ ክፍተት አራራቃቸው፤ ቱቦውንም አስረዘመ። ከዚያ በኋላ ውኃው ከቧንቧው እጅ የማያስነካ ሆኖ ወረደ። ራዲያተሩን ለመጠባበቂያ ሊተወው ነበር፤ ሥራነሽ ግን «ያን የብረት ወንፊት» ከቤታቸው ካላስወጣ እንደማይቀበሉት ተናገሩ፣ እሱም ነቅሎ አስወጣው። ይህች ስሕተት ኋላ ልታስከፍለው ነው።

የገና ጾም አጋማሽ ካለፈ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን ሥራነሽ ዱቄቱ ታርሟል ብለው በየዘመዱ ላኩ። ሰዉም ይሉኝታ ይዞት መጣ፣ እማሆይ ወለተ ኢየሱስም መጡ። ደጃፉ እንደ ድሮው ሞላ። ሁሉም እህል ይዟል። ጀሪካን የያዘ ግን አንድም ሰው የለም፤ ውኃ አታምጡ ብሎ በር ላይ ቆሞ ያወጀው ራሱ ደመላሽ ነዋ።

አንሙት ሞተሩን አስነሣ። ጥቂት ጊዜ ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ በርሜሉ መጨስ ጀመረ። ይህ አሠራር የሚሠራው ሙቁ ሲቀዳና ቀዝቃዛው ሲጨመር ነው፤ የማይቀዳ በርሜል ራሱ ይፈላል፣ ሞተሩንም ያፈላል። የመለኪያው መርፌ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ቀዩ ተጠጋ። አንሙት ደመላሽን አየው። ደመላሽ ከሥራነሽ ቤት ጀሪካን አንሥቶ ወደ ወንዝ ሮጠ።

መምህሩ ጫማውን አጭቅይቶ፣ ጀሪካኑን አቅፎ ሽቅብ ሲንፏቀቅ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀዝቃዛውን ከታች ለማስገባት ሙቁን ከላይ መልቀቅ አለበት፤ ቧንቧውን ከፈተና ጥርት ያለ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ውኃ ደጁ ላይ አፈሰሰ። ያኔ ሳቁ ቆመ። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ የሚፈሰውን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ደመላሽ ደግሞ ወደ ወንዝ ሊወርድ ሲዞር ሥራነሽ ፊቱ ቆመው አገኛቸው።

«ለምንድነው የምታፈሰው?» አሉት።

ውሸት ነበረው። ቱቦውን እያጠብኩ ነው ሊል ይችላል፤ ዱቄቱ እንዲልም ነው ሊል ይችላል፤ ያምኑታል። ዘመናይ ያስጠነቀቀችው ጆሮው ላይ ነው። በወዲያ በኩል መርፌው ቀዩን ሊነካ ነው፣ ሞተሩ ቢቆም ሽማግሌም ወፍጮም እዚህ ላይ ያበቃል። እውነቱንም ቢናገር ሽማግሌው ያበቃ መስሎታል። ጀሪካኑን እንዳቀፈ ተናገረ።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ዱቄቱ አልተበላሸም። ድሮም ዘንድሮም እንደ ከተማው ወፍጮ ያለ ዱቄት ነው፤ በወንፊት ነፍቼ አይቼዋለሁ። ሰዉ የሚመጣው ለሙቅ ውኃው ነበር። ያንን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። አሁን መልሼዋለሁ፤ ግን ካልቀዱት ሞተሩ ይፈላል።»

ሥራነሽ ቀስ ብለው ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«እውነቱን ነው?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከመሐል አንዷ ልታባብል ብላ «ዱቄትሽም ቢሆን ደህና ነው» አለች። ሐር ሲባል ለኖረ ዱቄት ደህና መባል ምን እንደሆነ የሥራነሽ ፊት ይናገር ነበር። ተመልሰው ቤታቸው ገቡ። ደመላሽ በቃ አለ በልቡ፤ የዘመናይ ሳቅ ከጆሮው ሲርቅ ተሰማው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። አንሙት ከውስጥ መርፌው ቀዩን መንካቱን ተናግሮ ማጥፊያው ላይ እጁን አሳረፈ።

ሥራነሽ በቤታቸው ያለውን ጀሪካን ሁሉ በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ወጡ። ደጁ ላይ ዘረገፉትና ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ተነሡ» አሉ፣ «ቀዝቃዛ አምጡ፣ ሙቅ ውሰዱ። ዱቄቴን የሚያወድስ ግን ተራ የለውም።»

መጀመሪያ የተነሡት እማሆይ ነበሩ፣ በዚያ ጉልበታቸው። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ቅርብ ያለው ከቤቱ ጀሪካን ይዞ ሮጠ፣ ወንዙና ወፍጮው መካከል ያለው ዳገት በሰው ተሞላ። ቀዝቃዛው ከታች ሲገባ ሙቁ ከላይ ሲቀዳ መርፌው ወደ ኋላው ተመለሰና እዚያው ቀረ። ደመላሽ ከሥራው ሁሉ ዋናው ክፍል የትኛው እንደሆነ የገባው ያኔ ነው፤ እሱ በፓምፕ ሊሠራው ያስብ የነበረውን ዝውውር ቁይ በጀሪካን ይሠራዋል። ወፍጮው እስኪመሽ ድረስ አልቆመም።

አንሙት ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ሥራነሽ ከቧንቧው ሥር እጃቸውን ታጠቡ። ደመላሽ ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር። ስለ ዱቄቱ ዘመናይ ታውቅ እንደነበር ጠየቁት። ታውቅ ነበር አለ፤ አትንገራቸው ያለችኝም እሷ ናት ብሎ ጨመረ፣ ይህን እንኳ ባይጨምረው ይሻል ነበር።

«አባቷን ወጥታ ነው» አሉ ሥራነሽ። «እሱም ነፍሱን ይማረውና ደስ የሚለኝን ብቻ እየነገረኝ ነው የሞተው። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ዱቄቴ ተራ ነው ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ደመላሽ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ሽማግሌዎችህን በጥር ላክ» አሉት። «ደጄ ቆመው ሊያወድሱህ ከጀመሩ ግን ወንበር ሳልሰጥ እመልሳቸዋለሁ። ስለ አንተ እውነቱን የሚናገር ሽማግሌ ፈልግ።»

ደመላሽ እሽ አለ። አጎቶቹን አንድ በአንድ በልቡ ቆጠራቸው፤ እንዲህ ያለ አንድም አላገኘም።